አንድ በቆሎ፣ ሁለት ቫይረስ

ውድ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ውድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የተጋበዝኩት ስለ ዕፅዋት ቫይረሶች ምደባ እንድናገር ነው። ርዕሱን ስትሰሙ ፈተና ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ቤተሰብ፣ ወገን፣ ዝርያ፣ ሽምደዳ። እኔ ግን ከማሳ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በቆሏቸው ቢጫ የሆነባቸው አንድ አርሶ አደር አጋጠሙኝ። «ዩሪያ አንሶት ነው» ተብለው ሁለት ጊዜ ጨምረዋል። ገንዘቡ ወጣ፣ በቆሎው ግን መሃሉ ደረቀ። እሸት አልያዘም። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ያየላቸው ሰው አልነበረም። የናይትሮጅን እጥረት ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው የሚጀምረው። የእሳቸው በቆሎ የታመመው ግን ከላይ፣ ገና ከሚወጣው ለጋ ቅጠል ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በሽታው ኤምኤልኤን (ማይዝ ሊታል ኔክሮሲስ) ነው፣ በቆሎን አድርቆ የሚገድል በሽታ። በምሥራቅ አፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ፣ ቦሜት ውስጥ ነው። በ2014 እኛም አገር መግባቱ ተረጋገጠ። የሚያመጣው አንድ ቫይረስ አይደለም። ሁለት ናቸው። አንዱ ኤምሲኤምቪ (ማይዝ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ) ይባላል፣ የበቆሎ ቫይረስ ነው። ሌላው የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ነው። ስሙ አያታላችሁ፣ በቆሎንም ማሽላንም ያጠቃል።

ሁለቱም የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ናቸው፤ ዘረ መላቸው የተጻፈው አር ኤን ኤ በሚባል ሞለኪውል ነው። አሜሪካዊው የቫይረስ ተመራማሪ ዴቪድ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1971 ቫይረሶችን በዘረ መላቸው ዓይነት ሲመድብ አራተኛ ያለው ቡድን ውስጥ ይገባሉ። የዚህ ቡድን አር ኤን ኤ ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ ማለት ነው። ህዋስ ውስጥ እንደገባ የተክሉ ራይቦዞም፣ ማለትም የህዋሱ ፕሮቲን ሠሪ፣ የራሱ መስሎት ያነበዋል። ፕሮቲንም ይሠራለታል። ከተሠሩት አንዱ አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ የሚቀዳ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ሲቀዳ ይሳሳታል፣ ስህተቱንም ተመልሶ አያርምም። ቫይረሶቹ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ ይመሳሰላሉ። ዝምድናቸው ሲታይ ግን ይገርማል። የዛሬው ምደባ የሚመሠረተው በዚያው ቀጂ ኢንዛይም ዘር ላይ ነው። በዚህ መሠረት ኤምሲኤምቪ የቶምቡስቪሪዴ ቤተሰብ ነው። የአገዳው ሞዛይክ ደግሞ የፖቲቪሪዴ። የሚለያዩት በቤተሰብ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በጣም ከፍ ባለውና ብዙ ቤተሰቦችን በሚያቅፈው በክፍለ ስፍን ደረጃ ነው። እንዲያውም የአገዳው ቫይረስ፣ እዚያው በቆሎ ውስጥ አብሮት ካለው ከኤምሲኤምቪ ይልቅ ለፖሊዮና ለኮሮና ቫይረስ ይቀርባል። ሩቅ ዝምድና ነው፣ ግን ዝምድና ነው። አርሶ አደሩ ይህን ሰምቶ እንዳይደነግጥ ንገሩልኝ፤ የበቆሎው ቫይረስ ሰውን አያሳምምም። የበሰበሰ በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ግን መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

አሁን ዋናው ነገር። የአገዳው ቫይረስ ዘረ መል ወደ 9,600 ፊደል ያህል ርዝመት አለው። ሁሉንም እንደ አንድ ረጅም ፕሮቲን ያስነብብና በኋላ ይቆራርጠዋል። ከቁራጮቹ አንዱ የተክሉን መከላከያ ያሽመደምዳል። ተክል እንደኛ ፀረ እንግዳ አካል የለውም። የባዕድ አር ኤን ኤን እየለየ የሚከትፍበት ዘዴ ግን አለው። ያ ቁራጭ ይህን ዘዴ ያኮላሸዋል። በሩ ከተከፈተ በኋላ 4,400 ፊደል ያህል ብቻ ያለው ትንሹ ኤምሲኤምቪ ብቻውን ከሚራባው በላይ ይራባል። ለየብቻቸው ቢሆኑ በቆሎው ይጎዳል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይሞትም። አብረው ሲገቡ ይገድሉታል።

ቤተሰቡን ማወቅ ምን ይጠቅማል ለምትሉኝ፣ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ቤተሰቡ ስለ ተሸካሚው ብዙ ይነግራችኋል። የፖቲቪሪዴ አባላትን አብዛኞቹን የሚያዛምተው ክሽክሽ የሚባለው የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው። ክሽክሽ ቅጠሉን ሲቀምስ በሰከንዶች ውስጥ ቫይረሱን ይወስዳል፣ ወዲያው ሌላ ተክል ላይ ያራግፈዋል። መድኃኒቱ እስኪገድለው ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ይህን ቫይረስ በርጭት ብቻ ማቆም ዘበት ነው። ኤምሲኤምቪን የሚያዛምቱት ደግሞ ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳትና ጥንዚዛ ናቸው። በዘርም ይተላለፋል፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም። ትንሽ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። በ75 በ30 ሳንቲሜትር ስንዘራ ሄክታሩ 44,000 ያህል ተክል ይይዛል። ከ10,000 ዘር አንዱ ብቻ ቢታመም እንኳ አራት የታመመ ተክል ማሳው ላይ ቆመ ማለት ነው። የቀረውን ትሪፕሱ ይጨርሰዋል።

በቆሎን በበቆሎ ላይ ደጋግሞ መዝራት፣ በተለይ በመስኖ ዓመቱን ሙሉ፣ ለቫይረሱም ለተሸካሚውም ድግስ ነው። ሁለቱም ቫይረሶች የሚኖሩት በሣር ወገን ላይ ነው። እንግዲህ በቆሎን በማሽላ ማፈራረቅ አያዋጣም። በቦሎቄ፣ በድንች፣ በሽንኩርት ቢፈራረቅ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። አርሶ አደሩ ሲጠይቃችሁ ይህን በእርግጠኝነት መመለስ የምትችሉት ቫይረሱ የማን ወገን እንደሆነ ስታውቁ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ግን የሚቋቋም ዝርያ ነው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ሲሚት፣ ከኬንያ የግብርና ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይቫሻ ላይ የመፈተሻ ጣቢያ ከፍቷል። እዚያ በቆሎው ሆን ተብሎ በሁለቱም ቫይረስ ይበከላል፣ የተረፈው ይመረጣል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም መመከት ያለባቸው፣ አንዱን ቫይረስ የሚቋቋም ዘረ መል ሌላኛውን ስለማያቆም ነው። አድካሚ ሥራ ነው፣ ከልቤ አደንቃቸዋለሁ።

ከሻይ በኋላ ማሳ እንወጣለን። እያንዳንዳችሁ ከላይኛው ለጋ ቅጠል ናሙና ትወስዳላችሁ፣ ከታችኛው አይደለም። የታመመ ተክል ከነካችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ወደ ጤነኛው መደብ እንዳትገቡ። አመሰግናለሁ።