ከስታንፎርድ እስር ቤት እስከ ማርሽሜሎ፦ የትኛው ሙከራ ቆመ፣ የትኛው ወደቀ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና በተነጋገርንበት ዝግጅት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ከታች ያሉት በመስመር የገቡ ጥያቄዎች ናቸው። በሰዓት ጥበት ያሳጠርኳቸውን መልሶች ትንሽ ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዶክተር፣ የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። የስታንፎርድን የእስር ቤት ሙከራና የሚልግራምን የኤሌክትሪክ ሙከራ እንደ ሐቅ ተምረናል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሁሉም ውሸት ነው ይላሉ። ፈተና ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ፈተናው ላይ የተማርከውን ጻፍ፣ ነጥብህን አትጣ። ከፈተናው ውጪ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው።

ስታንፎርዱን እንይ። በ1971 ክረምት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሩ ፊሊፕ ዚምባርዶ አሜሪካ በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ የማስመሰያ እስር ቤት አቋቋመ። በቀን 15 ዶላር የሚከፈላቸው 24 ወጣቶች ተመረጡ። ማን እስረኛ፣ ማን ጠባቂ እንደሚሆን በዕጣ ተለየ። ለሁለት ሳምንት የታቀደው ሙከራ በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ። ጠባቂዎቹ ጨክነው፣ እስረኞቹ ተሰብረው ነበር። ዚምባርዶ ከዚህ ያወጣው ትምህርት ዓለምን አዳረሰ፦ ደህናውን ሰው ክፉ ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ማንም ሳያዘው ክፉ ይሆናል።

አዛዥ ግን ነበር። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቲቦ ለ ቴክሲዬ የሙከራውን መዝገብና የድምፅ ቅጂ አገላብጦ በ2019 ጉዱን አወጣው። ጠባቂዎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እስረኞቹ አቅመ ቢስነት እንዲሰማቸው ማድረግ እንዳለባቸው ገለጻ ተሰጥቷቸዋል። ለስለስ ያለውን አንዱን ጠባቂ ጠርተው ጠንከር በል ሲሉት በቴፕ ተቀርጿል። በጭካኔው ስሙ የገነነው ጠባቂም ሆን ብዬ ገጸ ባሕርይ እጫወት ነበር ብሏል። ዚምባርዶ ራሱ ዳር ቆሞ አላየም፤ የእስር ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በኋላ እንግሊዛውያኑ አሌክስ ሃስላምና ስቲቭ ራይከር ከቢቢሲ ጋር ተመሳሳይ እስር ቤት ሲያቋቁሙ፣ እንዲህ አድርጉ ያላቸው ስላልነበረ ጠባቂዎቹ ሥልጣናቸውን በቅጡ ሊጠቀሙበት እንኳ አልቻሉም። እስረኞቹ ገለበጧቸው። በእኔ አስተያየት የስታንፎርዱ ከሙከራ ይልቅ ለድራማ ይቀርባል።

ሚልግራም ሌላ ነው። በ1961 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይ የጀመረው ሙከራ በብዙ መልኩ ተደጋግሟል። በታወቀው ዙር የሙከራው መሪ ቀጥሉ ስላላቸው፣ ከ40 ሰዎች 26ቱ ሌላ ክፍል ያለውን ሰው በኤሌክትሪክ እየቀጡ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፤ እነሱ ግን እውነት እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ጂና ፔሪ የተባለች አውስትራሊያዊት መዝገቡን ስትመረምር፣ ማታለሉን የጠረጠሩ ተሳታፊዎች እንደነበሩና ሙከራውን የሚመራው ሰው ከተጻፈለት ውጪ ይገፋፋ እንደነበር አገኘች። ይህ ቀላል ነቀፋ አይደለም። ቢሆንም ጄሪ በርገር ሙከራውን እስከ 150 ቮልት ብቻ ደግሞት በ2009 ሲያሳትም፣ 70 በመቶው ለመቀጠል ዝግጁ ሆነው ተገኙ። መታዘዛቸው አለ። ለምን እንደሚታዘዙ ገና ይጨቃጨቁበታል። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ አጠገባቸው ያሉ ሁለት ሰዎች እምቢ ሲሉ ባዩበት ዙር፣ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40 አራት ብቻ ነበሩ። ይህችን ማንም አይተርካትም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ ትምህርት መቼ ነው የተጀመረው? ሰው እኮ ሰውን ድሮም ያውቀዋል።

መልስ፦ እውነትዎን ነው አባቴ፣ ድሮም ያውቀዋል። በሙከራ መለካት የተጀመረው ግን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት ነው። ብስክሌት ጋላቢዎች ብቻቸውን ከሚሆኑ ይልቅ ሲፎካከሩ እንደሚፈጥኑ አስተዋለና፣ 40 ልጆችን የዓሣ ማጥመጃ ክር እንዲጠቀልሉ አድርጎ በ1898 አሳተመ። ግማሾቹ ከሌላ ልጅ ጋር ሲሆኑ ፈጠኑ፣ ሩቡ ዘገየ፣ ሩቡ ለውጥ አላሳየም። ከመቶ ዓመት በኋላ ቁጥሩ በዛሬ ስሌት ሲታይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። መስኩ ሲወለድም ከዚህ ችግር ጋር ነበር ማለት ይቻላል።

መልክ ያስያዘው ኩርት ሌዊን ነው። አይሁዳዊ ስለነበር ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት እናቶች ልብና ኩላሊት ለቤተሰባቸው እንዲያበስሉ ማሳመን ቸግሮት ነበር። (ዱለት ለሚወድ ሰው ይህ እንዴት ችግር ይሆናል?) ሌዊን የተወሰኑትን ንግግር አስደመጣቸው፤ የቀሩትን እርስ በርስ አወያይቶ በራሳቸው እንዲወስኑ አደረገ። ንግግር ከሰሙት 3 በመቶ፣ ተወያይተው ከወሰኑት 32 በመቶ የሚሆኑት አበሰሉ። ከሂትለር በኋላ የመጣው ትውልድ የጠየቀውም ከዚህ የሚመዘዝ ነው፦ ተራ ሰው እንዴት ይታዘዛል፣ እንዴትስ ከብዙኃኑ ጋር ይነጉዳል?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦ እዚህ አገር መንገድ ላይ ብትወድቅ ማንም አያነሳህም ይባላል። ኒውዮርክ ውስጥ 38 ሰው እያየ የተገደለችው ሴት ታሪክ እውነት ነው?

መልስ፦ ግድያው እውነት ነው እህቴ። ኪቲ ጀኖቪዝ መጋቢት 1964 ኩዊንስ ውስጥ ተገደለች። 38 ሰው ቆሞ ዓይቷል የሚለው ግን የኒውዮርክ ታይምስ ዘገባ ነው፤ ጋዜጣው ራሱ በ2016 ዘገባው ስህተት እንደነበረበት ጽፏል። ከመስኮት ጮኾ ገዳዩን ያባረረ ሰው ነበር። አንዲት ጎረቤቷም ወርዳ እስከ መጨረሻዋ አቅፋታለች።

ከዘገባው የተነሳው ምርምር ግን ከንቱ አልቀረም። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ በ1968 እንዳሳዩት፣ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ሲታመም የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት 85 በመቶው ለእርዳታ ተንቀሳቅሰዋል። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት 31 በመቶ ብቻ። ታዲያ መንገድ ላይ ያለው ሐቅ ሲታይ ሥዕሉ ይቀየራል። በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን የመንገድ ካሜራ የቀረጻቸው 219 ጠቦች ሲመረመሩ፣ በ91 በመቶው ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቷል። ሰው በበዛ ቁጥርም የሚገላግል የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። እያንዳንዱ ሰው ሊያመነታ ይችላል፤ ከብዙ ሰው መሐል ግን አንድ አይጠፋም። አይዞሽ፣ ብትወድቂ የሚያነሳሽ ታገኛለሽ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሽያጭ ላይ ነው የምሠራው። ሥልጠና ላይ ደንበኛ ከማግኘታችሁ በፊት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ለሁለት ደቂቃ ቁሙ፣ ሆርሞናችሁ ይለወጣል አሉን። ይሠራል?

መልስ፦ ሆርሞኑ አይለወጥም። በ2010 የወጣው ጥናት 42 ሰው ላይ የተሠራ ነው። በ2015 በ200 ሰው ሲደገም ሰዎቹ ጉልበት እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ ሆርሞናቸውም ድርጊታቸውም ግን ያው ነበር። የመጀመሪያው ጥናት መሪ ጸሐፊ ዳና ካርኒ ራሷ በ2016 ውጤቱን አላምንበትም ብላ በይፋ ጻፈች። እንዲህ ያለ ተመራማሪ ብዙ አላየሁም፣ አከብራታለሁ። መቆሙ ደስ ካለህ ቁም፣ አያስከፍልም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አካውንታንት ነኝ። ቁጥር ቁጥር ነው። በሌላው ሰው ሲደገም የማይገኝ ከሆነ የመጀመሪያው ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም?

መልስ፦ የዋሸም አለ። ሆላንዳዊው ዲደሪክ ስታፕል ዳታውን ቤቱ ተቀምጦ ይፈጥር ነበር። በ2011 ያጋለጡት አብረውት የሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። ሌባ ግን በየትኛውም ሙያ አለ፣ አንተም ሙያ ላይ አይጠፋም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላኛው ዓይነት ነው፤ ሳይዋሽ የተሳሳተው።

በዚያው በ2011 ስመ ጥሩው የኮርኔል ፕሮፌሰር ዳሪል ቤም ከሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ ዘጠኝ ሙከራ ሠርቶ፣ ሰው የወደፊቱን አስቀድሞ ይሰማዋል የሚል ጽሑፍ በመስኩ ትልቅ ጆርናል ላይ አወጣ። አንዱ ሙከራ ላይ ተማሪዎች ከሁለት መጋረጃ ሥዕል ያለበትን ይገምታሉ። ሥዕሉ የት እንደሚሆን የሚወሰነው ከገመቱ በኋላ ነው። ሥዕሉ የፍትወት ሲሆን 53 በመቶ ያህል ጊዜ በትክክል ገመቱ፤ በዕድል ብቻ የሚጠበቀው 50 ነው። ቤም አላጭበረበረም፤ ሁሉም የሚጠቀምበትን ዘዴ ነው የተጠቀመው። ነገሩን አስደንጋጭ ያደረገውም ይኸው ነው። በዚህ ዘዴ ጥንቆላ ከተረጋገጠ፣ በዚሁ ዘዴ የተረጋገጠው ሌላውስ?

ዘዴው እንዲህ ነው። ዳታ ትሰበስባለህ። ፒ ቫልዩው (ምንም ነገር ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል) ካላማረህ 10 ሰው ትጨምራለህ። ከሁለት መለኪያ የሚያምረውን ትመርጣለህ። ወንድና ሴቱን ለይተህ ታያለህ። አንዱን ቡድን ትተወዋለህ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። ሲደማመር ግን፣ ሲመንስ፣ ኔልሰንና ሲሞንሶን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ እውነት ምንም ነገር በሌለበት ከ100 ጊዜ 60 ያህሉን ግኝት አለ ያሰኛል። የሚፈቀደው አምስት ነበር! ይህን ለማሳየት የቢትልስን ዘፈን መስማት ሰውን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወጣት እንደሚያደርግ በስታቲስቲክስ አረጋገጡ። ስሜቱን አላልኩም፤ የልደት ዘመኑን ነው። ኦዲት ሲደረግ ሰነዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ድምሩ የተሳሳተ ሒሳብ አጋጥሞህ ከሆነ ይገባሃል።

ጆርናሎቹም ነገሩን ያባብሱታል። አገኘሁ ያለውን ያትማሉ፣ አጣሁ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ብራያን ኖሴክ ያስተባበራቸው 270 ተመራማሪዎች በ2015 ያሳተሙት ውጤት ይህን በቁጥር አሳየ። 100 ጥናቶችን ደገሙ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም የሚባል ውጤት ያላቸው) ነበሩ፤ ሲደገሙ 36 በመቶ። ማኅበራዊ ሥነ ልቦናው ብቻውን ሲታይ ደግሞ ከአራት አንድ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሁለተኛ እንዲጨመርለት ብሎ ፊቱ የተቀመጠውን ማርሽሜሎ (ለስላሳ ጣፋጭ) ሳይበላ የታገሠ ልጅ ሲያድግ ስኬታማ ይሆናል ተብሎ ሰማሁ። የእኔዋ ከረሜላ ስታይ አንድ ደቂቃ አትታገሥም። ልስጋ?

መልስ፦ በፍጹም አይስጉ። የዋልተር ሚሸል የመጀመሪያ ሙከራ የተሠራው ስታንፎርድ ግቢ መዋዕለ ሕፃናት ባሉ ጥቂት ልጆች ላይ ነው። በ2018 ከ900 በላይ ልጆች ላይ ሲታይ በመታገሥና በኋላ ስኬት መካከል ያለው ዝምድና ቀድሞ ከተባለው ግማሽ ያህል ሆነ። የቤተሰቡ ኑሮና የልጁ ችሎታ ሲታሰብ ደግሞ ጭራሽ መነመነ። የሚገርመው፣ ካሜሩን ውስጥ የንሶ ብሔረሰብ ገበሬዎች የአራት ዓመት ልጆች 70 በመቶ ገደማ ሲታገሡ፣ ከጀርመን ልጆች የታገሡት 30 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ልጅዎ ከረሜላዋን ትብላ። ጥርሷን ማጠብዋን ብቻ ይዩ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መምህር ነኝ። ይህ ሁሉ የአሜሪካ ተማሪ ላይ የተሠራ ነው። እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሉት፣ ከሥነ ልቦና ጥናት ተሳታፊዎች 96 በመቶው የመጡት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች ነው። ግን ሁሉንም ውድቀት የባህል ልዩነት ነው ማለትም አያዋጣም። በ2018 የወጣ ግዙፍ ጥናት 28 ግኝቶችን በ36 አገሮችና ግዛቶች ደገመ። ግማሹ ቆመ፣ ግማሹ ወደቀ። የወደቀው በአብዛኛው ሁሉም ጋ ወደቀ፤ የቆመው በአብዛኛው ሁሉም ጋ ቆመ።

ከቆሙት ውስጥ የሰለሞን አሽን ይውሰዱ። በ1950ዎቹ ከመስመሮች የትኛው ከተሰጠው መስመር ጋር እኩል እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ከእሱ ጋር የተስማሙ ሌሎች ሆን ብለው ሲሳሳቱ፣ ነገሩን ካላወቁት ተሳታፊዎች መልስ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አብሮ ተሳሳተ። በ2023 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲደገም 33 በመቶ ተገኘ። ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ደግሞ ማኅበረሰባዊ ኑሮ በሚጠነክርበት አገር መስማማቱ ይበረታል። እዚህ ላይ ባህል አለበት። ተማሪዎችዎን ሲያስተምሩ ግን አንድ አራተኛው ተሳታፊ አንድም ጊዜ እንዳልተንበረከከ አይርሱት።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ውጤቴ ሲግኒፊካንት ባይሆን እወድቃለሁ ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ዳታ ሳትሰበስቢ ምን እንደምትጠብቂ፣ ስንት ሰው እንደምትጠይቂ፣ በምን እንደምትለኪ ጽፈሽ ቀን አስገቢበት። ለአማካሪሽ ላኪው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚመዘገብበት ቦታም አለ። ከ2013 ጀምሮ አንዳንድ ጆርናሎች ውጤቱን ሳያዩ ዕቅዱን ብቻ ገምግመው ለማተም ቃል ይገባሉ። በዚህ መንገድ በወጡ ጥናቶች መላምቱ የተሳካው 44 በመቶው ላይ ነው፤ በተለመደው መንገድ ከወጡት ግን 96 በመቶው ላይ። ስለዚህ የጠበቅሽውን ብታጪ ከብዙኃኑ ጋር ነሽ። ከዕቅድሽ ውጪ ደስ የሚል ነገር ካገኘሽም አትጣዪው፤ አስቀድሜ ያላሰብኩት ነው ብለሽ ለብቻው ጻፊው። አማካሪሽ ካንገራገረ ዕቅዱን የላክሽበትን ኢሜይል አሳዪው።