በኮረብታ አገር ዳገት ሳያስመርር፦ በደርቢሻየር የብስክሌት ጉዞ

(ምስል፦ ጭጋግ የለበሰ ሸለቆ፣ ከበላዩ ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ በዝግታ የሚያልፉ ሁለት ብስክሌተኞች)

በእንግሊዝ እምብርት በምትገኘው በደርቢሻየር የመኪናውን መንገድ ይዞ በብስክሌት የሚጓዝ ሰው፣ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢጠና፣ ከኮርቻው ወርዶ ብስክሌቱን የሚገፋበት ሰዓት መምጣቱ አይቀርም። ከካስልተን መንደር ወደ ምዕራብ የሚወጣውና ዊናትስ ፓስ የሚባለው መንገድ በሁለት ገደል መካከል ተጣቦ ያልፋል፤ ቀጥ ባለበት ቦታ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። እዚያው አውራጃ ውስጥ ግን ልጅም አያትም ሳይጨነቁ እየተጨዋወቱ የሚነዱበት፣ ከአሽበርን ከተማ እስከ ክሮምፎርድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ መንገድ አለ። በዚህ ቪዲዮ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለና ጉዞውን ከየት ወዴት ማድረግ እንደሚሻል እናያለን።

በቅድሚያ ዳገት በብስክሌተኛ ላይ የሚያሳርፈውን ሸክም እንመልከት። የፊቱና የኋላው ጥርስ ቁጥር እኩል በሆነበት ቀላል ማርሽ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። እንደ ዊናትስ ፓስ ባለ ዳገት ላይ ይህ ማለት እግራችሁ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ራሳችሁን፣ ብስክሌቱንና ሻንጣውን 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ታደርጋላችሁ ማለት ነው። ከአሽበርን በሚነሳው የድሮ የባቡር መስመር ላይ ግን ያው አንድ ዙር ከፍ የሚያደርጋችሁ በአማካይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የመዝናኛ ጉዞ የሚወሰነው እንግዲህ ከጉልበት ይልቅ በመንገድ ምርጫ ነው፤ ምርጫውም የሚደረገው ቤት ተቀምጦ፣ ካርታ ዘርግቶ ነው።

(ምስል፦ የአካባቢው ካርታ፤ ጣት በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ይሄዳል)

እ.ኤ.አ. በ1951 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በምዕራባውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመው፣ አብዛኛው በደርቢሻየር ውስጥ የሚገኘው ፒክ ዲስትሪክት ደቡባዊ ክፍሉ የኖራ ድንጋይ አምባ ነው። አምባውን ወንዞች በጥልቅ ሰንጥቀውታል፤ የመኪና መንገዶቹም ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ለመሻገር ወርደው ይወጣሉ። ባቡር ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ዳገት ሲበዛበት ስለሚያንሸራትተው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልተው፣ ያልተቻላቸውን በዋሻና በድልድይ አልፈው መስመሩን አለዘቡት። በ1960ዎቹ ብዙዎቹ መስመሮች ሲዘጉ ሐዲዱ ተነቀለ፤ ያ ሁሉ የተደከመበት ልል መደብ ግን ቀረ። ዛሬ ብስክሌተኛው የሚጓዘው በዚህ መደብ ላይ ነው።

ጊዜ ያጠረው ሰው ከቤክዌል አጠገብ በሚያልፈው በሞንሳል መንገድ ሊጀምር ይችላል። ርዝመቱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በ1968 ከቆመ በኋላ ዋሻዎቹ ለረጅም ዘመን ተዘግተው ኖረው በ2011 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተከፈቱ። ሄድስቶን ወደተባለው፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚረዝመው ዋሻ ስትገቡ አየሩ ወዲያውኑ ይቀዘቅዛል፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውኃ አንገት ላይ ያርፋል፤ የጎማው ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ይከተላችኋል። ከዚያ ድንገት ብርሃን ይሆንና ከዋይ ወንዝ በላይ፣ በከፍተኛው ድልድይ ላይ ራሳችሁን ታገኛላችሁ። እዚህ ቦታ ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ለምን እንደመጣ አይገባኝም። የዋሻው መብራት የሚበራው ቀን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ አምሽቶ የሚመለስ ሰው የራሱን መብራት ይያዝ።

ወደ ዋናው ጉዞ እንመለስ። አሽበርን ላይ የሚጀምረው የቲሲንግተን መንገድ በ1899 የተከፈተ የባቡር መስመር ነበር፤ በ1971 የመንሸራሸሪያ መንገድ ሆነ። 21 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እስከ ፓርስሊ ሄይ ድረስ ከ200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ነገር ግን ዳገቱ በርዝመቱ ሁሉ ስለተከፋፈለ ዓይን አያየውም፤ ጭን ብቻ ያውቀዋል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ዕረፍቱን ሳይጨምር ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ግራና ቀኙ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተደርድሮ የቆመ ካብ፣ ከካቡም ወዲያ የበግ ግጦሽ ነው። የመንገዱ ወለል የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ስለሆነ በዝናብ ጊዜ እንደ ነጭ ሊጥ ካቴናውን ይለብሰዋል፤ ማታ በጨርቅ መጥረግና ዘይት ማስነካት ያስፈልጋል።

መንገዱ ስሙን ያገኘባት የቲሲንግተን መንደር በምዕራባውያን አቆጣጠር በዕርገት በዓል ሰሞን ብትጎበኝ ይመረጣል። በዚያን ጊዜ የመንደሩ ሰዎች እርጥብ ሸክላ በተቀባ ሰሌዳ ላይ የአበባ ቅጠል እየለጠፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ይሠሩና በምንጮቻቸው አጠገብ ያቆሙታል። በዕርገት ቀን ምንጭ ሲባረክ ማየት በተለይ ለእኛ ሰው ልብን የሚነካ ነገር ነው።

(ምስል፦ ከከፍታው መንገድ ወደታች የሚታይ መንደር)

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። ባቡሩ የተሠራው ከፍ ባለው አምባ ላይ ሲሆን መንደሮቹ ግን በብዛት ያሉት ከሥር፣ ውኃ ባለበት ነው። ለምሳሌ በሃርቲንግተን ለማደር የሚፈልግ ሰው ከመንገዱ ወጥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠዋት ደግሞ እግሩ ሳይሟሟቅ ያንኑ ይወጣል። ስለዚህ ማደሪያ ከመያዛችሁ በፊት የብሪታንያን የካርታ ሥራ ድርጅት የኦርድናንስ ሰርቬይን ካርታ ተመልከቱ። በመንገዱ ላይ አንድ የቀስት ጫፍ ካለ ዳገቱ ከ14 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ሁለት ካለ ከ20 በመቶ ይበልጣል፤ ጫፉም የሚያመለክተው ወደ ቁልቁለቱ ነው። ሁለት ቀስት ያለበትን መንገድ ከሻንጣ ጋር ባትሞክሩት እመርጣለሁ። ወደ መኪና መንገድ ስትወጡም ግራችሁን መያዝ አትርሱ፤ አገር ቤት ቀኙን ይዞ መንዳት የለመደ ሰው በተለይ ከዕረፍት በኋላ ሲነሳ ይዘነጋል።

ፓርስሊ ሄይ ላይ መንገዱ እርሱም የድሮ የባቡር መስመር ከሆነው ከሃይ ፒክ መንገድ ጋር ይገናኛል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ስትጓዙ ግን የመንገዱ ጠባይ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ይህ መስመር የተወጠነው የባቡር ዘመን ገና ሲጀምር ነው። ዓላማው በአምባው ግራና ቀኝ የነበሩትን የክሮምፎርድንና የፒክ ፎረስትን የጀልባ ቦዮች ማገናኘት ሲሆን፣ በ1831 የተጠናቀቀውን መስመር የነደፈው መሐንዲስ ጆሲያስ ጄሶፕ ያሰበው እንደ ቦይ አድርጎ ነበር። በቦይ ላይ ውኃው ረጅም ርቀት ጠፍጣፋ ይሄድና መዝጊያ ባለበት ቦታ በአንዴ ደረጃውን ይለውጣል። ይህም ባቡር እንዲሁ ረጅም ሜዳ ይሄድና በድንገት ቀጥ ያለ ተዳፋት ይገጥመዋል፤ በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ ፉርጎዎቹን በሰንሰለት፣ በኋላም በሽቦ ገመድ የሚጎትታቸው ከላይ የቆመ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ሚድልተን ቶፕ ላይ በ1829 የተሠራው ሞተር እስከ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ይገኛል።

ለብስክሌተኛው ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከአሽበርን ብትነሱ እነዚህ ተዳፋቶች ሁሉ ቁልቁለት ሆነው ይጠብቋችኋል፤ ከክሮምፎርድ ብትነሱ ግን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ትሰቃያላችሁ። ከአሽበርን ተነሱ የምለው ለዚህ ነው። ከሚድልተን ቶፕ በታች ያለው ቁልቁለት ግን በየስምንት ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ስለሚወርድ፣ ኮረኮንቹም የፍሬንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ከኮርቻ ወርዶ ብስክሌቱን ይዞ በእግር መውረድ ይሻላል። ከሥር ወደ ላይ የሚመጡ እግረኞችና ፈረሰኞች አሉ፤ ቅድሚያውም የእነርሱ ነው።

(ምስል፦ ጸጥ ያለ የቦይ ውኃ፣ ከዳር የታሰረ ጀልባ)

የመጨረሻው ተዳፋት ሲያልቅ መንገዱ የክሮምፎርድ ቦይ ዳር ያደርሳችኋል። ብስክሌቱን እየገፋችሁ በቦዩ ዳር ከተጓዛችሁ፣ ሪቻርድ አርክራይት በ1771 በውኃ ኃይል የሚሠራ የጥጥ መፍተያ ወዳቋቋመበት ቦታ ትመጣላችሁ። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ የክሮምፎርድ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ወደ ደርቢ የሚሄደው ባቡር እዚያ ይቆማል። በሰኔ ወር ከሆነ ምሽት 3 ሰዓት ላይም ገና ብርሃን ነውና፣ ባቡሩን እየጠበቃችሁ ካቴናው ላይ የደረቀውን ነጭ አቧራ ለመጥረግ በቂ ጊዜ ይኖራችኋል።