ሳሉ ሲከርም ሳንባችን ውስጥ ምን እየሆነ ነው? (አዳማ ላይ ለእድር አባላት የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ። ሊቀመንበራችን አጠር አድርጊው ስላሉኝ ቀጥታ ልግባ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ የማገኛቸው ሳላቸው የከረመባቸውና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ወደኛ የሚመጡት ፋርማሲ ደጋግመው አሞክሳ ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው፣ ይሄ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ሳንባችን ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች በስሱ አክታ የተለበጡ ናቸው፣ ከስሩ ደግሞ በአይን የማይታዩ ፀጉር መሳይ ነገሮች አሉ፣ አቧራውንም ጀርሙንም ከአክታው ጋር ቀን ከሌት ወደ ላይ ይገፋሉ፣ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። አመታት እንጨትና ኩበት እያነደዱ እንጀራ ሲጋገር ጭሱ እነዚህን ፀጉሮች ይጎዳል፣ ሲጋራም እንደዛው። ቲቢ ደግሞ ታክሞ ከዳነ በኋላ እንኳን ቧንቧውን አስፍቶና አበላሽቶት ሊሄድ ይችላል፣ ሀኪሞች ብሮንኪኤክታሲስ ይሉታል። ስንት ሰው ነው ቲቢውን ጨርሶ፣ አክታው ተመርምሮ ቲቢ የለብህም ተብሎ፣ ሳሉ ግን አልለቅ ብሎት ግራ የሚገባው! ቲቢው ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ መመርመሩ ግድ ነው፣ ግን ቲቢ ካልሆነ ነገሩ እዛ ላይ ማለቅ የለበትም።

እዚህ አዳማ ክረምት ላይ ቦይ ሲደፈን ውሃው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ ሳንባም ውስጥ አክታው መውጫ ሲያጣ ይተኛል፣ የተኛ አክታ ላይ ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ዝም አይልም፣ ነጭ የደም ሴሎቹን ይልካል፣ እነሱም ባክቴሪያውን ለመግደል ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይረጫሉ፣ ችግሩ ኢንዛይሙ ሲበዛ የራሳችንን ቧንቧ ግድግዳም ይበላል፣ ፀጉሮቹን ያዳክማል፣ አክታውን ያበዛል፣ አክታው ሲበዛ ደግሞ ባክቴሪያው ይመቸዋል፣ እንደገና ቧንቧው ይቆጣል። ለንደን ይሰራ የነበረ ፒተር ኮል የሚባል ሀኪም በፈረንጆቹ 1986 ይሄንን ዙር በደንብ አስረዳ። እስካሁንም ህክምናው የሚያስበው ዙሩን የት ጋ እንቁረጠው ብሎ ነው። በ2025 አሜሪካ ውስጥ ብሬንሶካቲብ የሚባል፣ ነጭ ሴሎቹ የሚረጩትን ኢንዛይም የሚያበርድ መድሀኒት ለብሮንኪኤክታሲስ ተፈቅዷል፣ እኔ የማወራው ግን ዛሬ እጃችን ላይ ስላለው ነው።

አንደኛ አክታችሁን እዩት። አትፀየፉት፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሶፍት ላይ ትፉና በደህናው ቀን መልኩና ብዛቱ ምን እንደሆነ እወቁት። አረንጓዴ የሚሆነው ከነጭ ሴሎቹ በሚወጣ ኢንዛይም ምክንያት ነው፣ ስለዚ አረንጓዴ ስላየን ብቻ ባክቴሪያ ነው አይባልም፣ ቫይረስም ያመጣዋል፣ ብሮንኪኤክታሲስ ያለበት ሰው ደግሞ በደህናውም ቀን ቢጫ አክታ ሊኖረው ይችላል። የምንፈልገው ለውጡን ነው። በ1987 የካናዳ ሀኪሞች ሲኦፒዲ (በሲጋራና በጭስ የሚመጣ፣ የአየር ቧንቧው ጠቦ የሚቀርበት የቆየ የሳንባ በሽታ) ባለባቸው ሰዎች ላይ ባወጡት ጥናት አንቲባዮቲክ የበለጠ የጠቀመው ትንፋሽ ማጠሩ ብሶ፣ አክታው በዝቶ፣ መልኩም ወደ መግል ተቀይሮ ሶስቱም አንድ ላይ ሲመጡ ነው። እንደዛ ሲሆን አትዘግዩ፣ ኑ። ደም ከታየ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ አንድ አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ግን በዛው ሰአት ሆስፒታል ነው!

እባካችሁ ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል አትዋጡ። ሀኪም ለሲኦፒዲ 5 ቀን ሊያዝ ይችላል፣ ለብሮንኪኤክታሲስ እስከ 14 ቀን፣ ጀርሙም ይለያያል፣ በተለይ ሱዶሞናስ የሚባለው አንዴ ከተቀመጠ ለማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው፣ አሞክሳም አይነካውም። ግማሽ እየዋጡ ማቆም፣ በየሳሉ መግዛት፣ ያው መድሀኒቱን የማይፈራ ጀርም ማሳደግ ነው።

አሁን አብራችሁኝ ስሩ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። ቀስ ብላችሁ በአፍንጫ በጥልቀት ሳቡ፣ ሁለት ሶስት ሰከንድ ያዙት፣ ልቀቁት። ሶስቴ አራቴ ደጋግሙት። ከዛ አፋችሁን ክፈቱና ሳትስሉ ከሆዳችሁ ሃህህ ብላችሁ አስወጡት። አክታው ወደ ላይ ሲመጣ ይሰማችኋል፣ ያኔ ነው ሳል ብላችሁ የምትተፉት። ዝም ብሎ መሳል ጉሮሮ ያደርቃል እንጂ ከስር ያለውን አያመጣም። ብሮንኪኤክታሲስ ያለበት ሰው ጠዋትና ማታ ቢለምደው፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ትልቅ ህክምና ነው።

ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ መድሀኒት፣ የታዘዘላችሁ ደግሞ፣ ሰማያዊው ቬንቶሊን ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ቁጣውን አያበርድም፣ አስም ያለባችሁ የሚያበርደውን ሌላኛውን ፓፍ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡት፣ ከሱ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ስፔሰር (ፓፉ ላይ ተገጥሞ መድሀኒቱን በደንብ ለመሳብ የሚረዳው እቃ) ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፣ ዙሪያውን በሙጫ አሽጉት፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ሳቡ። በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት አስም የተነሳባቸው ህፃናት ላይ ሞክሮት ከሚሸጠው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ከመጠቀማችሁ በፊት ጠርሙሱን በሳሙና እጠቡትና ሳትጠርጉት ይድረቅ።

ለወንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። የአለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ ሲኦፒዲ ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው ገደለ ይላል፣ የማእድ ቤት ጭስ አንዱ መንስኤ ነው፣ በኛ አገር ጭሱን የሚስቡት ደግሞ እናቶቻችን ናቸው። ቤት ስትሰሩ ማእድ ቤቱን መስኮት አልባ አታድርጉት፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት የማይቻል ከሆነ ቢያንስ የጭስ መውጫ ይኑረው፣ ህፃን በጀርባ አዝሎ እሳት ስር መቆምም ይቅር።

ጨርሻለሁ፣ ቡናው እስኪደርስ እዚሁ ነኝ፣ ፓፍ ይዛችሁ የመጣችሁ አምጡትና እንዴት እንደምትስቡት እያየሁ አስተካክላችኋለሁ፣ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ካለ ደግሞ ሳይሄድ ያናግረኝ።