የአንዲት ያርድ ነገር

ስለዚያች ያርድ፣ ቡድኔ ሊያልፋት ስላቃተው ሜትር እንኳ ስለማትሞላ ርቀት፣ ዳግመኛ እንዳላነሣ ቃል አስገብታችሁኛል። ነገር ግን አሁን፣ በኦገስት 2025፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ የአሶሺዬትድ ፕሬስ የኮሌጅ አሜሪካን ፉትቦል ደረጃ ወጣና ቡድኔ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አንደኛ ተብሎ ተቀመጠ። የእንኳን ደስ ያለህ መልእክቱ ከጋርላንድም ከኦስቲንም ጎረፈልኝ፤ ሁሉም የሚያወራው ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን ስለሚመራው ስለ ኳርተርባኩ አርች ማኒንግ ነው፤ የስመ ጥሮቹ ኳርተርባኮች የፔይተንና የኢላይ የወንድም ልጅ፣ የአርቺ የልጅ ልጅ፣ በመጨረሻ ቡድኑን ተረከበ እያለ። እኔ ግን ስለ መጪው ኦፌንስ (ስለ ማጥቃት ክፍሉ) ላስብ በተቀመጥኩ ቁጥር ሐሳቤ ተመልሶ አርሊንግተን ወዳለው ስታዲየም ይገባል።

ጃንዋሪ 10 ቀን 2025፣ ኮተን ቦውል፣ የአገር አቀፉ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ። ኦሃዮ ስቴት 21 ለ14 ይመራል። ቴክሳስ በመጨረሻው ሩብ እየገፋ ሄዶ፣ የተጋጣሚው ጥፋትም ረድቶት፣ ከጎሉ መስመር አንድ ያርድ ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ዳውን (ከአራቱ ሙከራዎች በመጀመሪያው) ራኒንግ ባኩ፣ ማለትም ኳስ ይዞ ሯጩ፣ ጄሪክ ጊብሰን መሐል ለመሐል ገብቶ ምንም ሳያገኝ ቀረ። ይሁን፣ ያጋጥማል። እንቅልፍ የሚነሣኝ ሁለተኛው ነው። ጨዋታውን ራሱ የሚጠራው፣ ማለትም በየሙከራው ምን እንደሚደረግ የሚያዘው፣ የቴክሳስ አሰልጣኝ ስቲቭ ሳርኪሲያን ኳሱ ወደ ጎን ለሌላው ራኒንግ ባክ ለኩዊንትሬቪዮን ዊስነር እንዲወረወር አዘዘ። ዊስነር ኳሱን የተቀበለው ሙከራው ከሚጀመርበት መስመር በስተኋላ ርቆ ነበር፤ ወደ ዳር ሊዞር ሲል የኦሃዮ ስቴት ተከላካዮች ቀድመውት ደርሰዋል፤ ሰባት ያርድ ወደ ኋላ ተጣለ። አንድ የነበረው ስምንት ሆነ። በሦስተኛው የተወረወረው ኳስ መሬት ላይ ቀረ። በአራተኛው የኦሃዮ ስቴቱ ተከላካይ ጃክ ሶየር ከዳር ገብቶ የጊዜውን ኳርተርባካችንን ኩዊን ኢወርስን መታው፤ ኳሱ ከእጁ አመለጠ፤ ሶየር ያንኑ ኳስ ይዞ 83 ያርድ ሮጠና አስቆጠረ። 28 ለ14።

ሶየርና ኢወርስ እኮ በ2021 ኢወርስ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች ሆኖ ኮሎምበስ በነበረበት ጊዜ አንድ ክፍል የኖሩ ልጆች ናቸው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «አብሮት የበላ ልጅ እንዴት እንዲህ ይጥለዋል?» አለችኝ፤ ጨዋታ ነው ብላት አልተቀበለችኝም፣ እስከ ዛሬም አልተቀበለችም። ለሳርኪሲያን ጥብቅና የሚቆሙለት ሰዎች የሚሉትንም አውቃለሁ፤ ተከላካዩ ሁሉ መሐሉ ላይ ሲታጨቅ ዳሩ ባዶ ይሆናል፣ አንድ ሰው በትክክል ቢመከት ዊስነር ሳይነካ ይገባ ነበር ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በዚያው ጨዋታ ማኒንግ ለአንድ ሙከራ ብቻ ገብቶ፣ በእግሩ ሮጦ፣ የሚፈለገውን ያርድ አምጥቶ ወጥቷል። ከአንድ ያርድ ላይ ሲደረስ ግን ቆሞ ይመለከት ነበር።

አሁን ቋሚው እርሱ ነው፤ ታዲያ ችግሩ ተፈታ ማለት ነው? ኳርተርባኩ ኳሱን ለሌላ አስረክቦ ሲቆም ኦፌንሱ በአሥር ሰው አሥራ አንዱን ይገጥማል፤ ራሱ ይዞ ሲሮጥ ግን ሒሳቡ ይስተካከላል፣ ራኒንግ ባኩም ከፊቱ መንገድ ጠራጊ ይሆንለታል። ለአጭር ርቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ያን ዕለት መግፋት ያቃተው የፊት መስመር፣ ተከላካዮችን የሚመክቱት አምስቱ ሰዎች፣ ልምድ ያለው መስመር ነበር፤ ዛሬ ከአምስቱ የቀረው ዲጄ ካምቤል ብቻ ነው። ኬልቪን ባንክስ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ምልመላ በ9ኛ ተራ ተመርጦ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዷል፤ ኮነር፣ ሜጀርስና ዊሊያምስም የሉም። ትሬቨር ጉስቢ ባንክስ በተጎዳ ጊዜ ተክቶ ደኅና አድርጎ ስለሠራ እርሱን አምነዋለሁ፤ የቀሩትን ገና አላየኋቸውም።

ተቀባዮቹ እምብዛም አያሳስቡኝም። ማቲው ጎልደን ወደ ግሪን ቤይ ቢሄድም ራያን ዊንጎና ዲአንድሬ ሙር አሉ፤ ጃክ ኤንድሪስም ከካሊፎርኒያ መጥቷል። ዊስነር በ2024 ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጧል፤ ለአጭር ርቀት የሚሻለኝ ግን ጉልበቱ ተጎድቶ 2024ን ሙሉ ያልተጫወተው ሌላው ራኒንግ ባክ ሲጄ ባክስተር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያረፈ ጉልበት ግን ምን እንደሚሸከም ማን ያውቃል።

ስለ ማኒንግ ራሱ ያየነውም ብዙ አይደለም። በ2024 ከዩቲኤስኤ ጋር በተደረገው ጨዋታ ኢወርስ ተጎድቶ ሲገባ የመጀመሪያውን ኳስ ለታችዳውን ወረወረ፣ ማለትም ወርውሮ አስቆጠረ፣ ቀጥሎ 67 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ ከዚያ ሉዊዚያና ሞንሮንና ሚሲሲፒ ስቴትን በቋሚነት ገጥሞ አሸነፈ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው እንግዲህ አገር ምድሩ ዋንጫ የሚጠብቅበት። አንዳንዴ ልጁ ያሳዝነኛል። ከዚያ ደግሞ የቀድሞው ኳርተርባካችን የቪንስ ያንግ ሩጫ ትዝ ይለኛል፤ በ2006 ሮዝ ቦውል የዋንጫ ጨዋታ፣ 19 ሰከንድ ሲቀር፣ አራተኛ ዳውን ላይ ሮጦ ገብቶ ዩኤስሲን 41 ለ38 ያሸነፍንበት። ስንት ያርድ ሮጦ ገባ? ስምንት! ኢወርስ ከቆመባት ከዚያችው ከስምንቷ። ስለዚህ የሚሮጥ ኳርተርባክ ካለ ወደ ኋላ መጣሉም... አይ፣ ሁሉም ያንግ አይደለም፤ በዚያ ላይ ያንግ ከፊቱ የነበረው መስመር...

የመጀመሪያው ጨዋታ ኦገስት 30 ቀን 2025፣ ኮሎምበስ ላይ፣ ከእነዚያው ከኦሃዮ ስቴት ጋር ነው። ሶየር ወደ ፒትስበርግ ሄዷል፤ ተከላካዩ ኬሌብ ዳውንስ ግን አለ፣ መከላከያውንም አሰልጣኝ ማት ፓትሪሺያ ተረክቦታል። ሳርኪሲያን አሁንም ጥሪውን ለማንም አልሰጠም። ማኒንግ በእግሩ እንዲገባ ይፈቅድለታል ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈልገውን ልጅ፣ እዚያ ሁሉ ግዙፍ ሰው መሐል አስገብቶ ቢሰበርበትስ? እኔ ብሆን እንኳ... ባክስተር ጤነኛ ከሆነ ምናልባት ለእርሱ፣ እርሱም ካልሆነ ደግሞ...