እትብቱ ሳይቆረጥ ያለችው ደቂቃ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው የማወራው። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ እትብቱ ገና ሳይቆረጥ ያለችው ደቂቃ። ሕፃኑ ትንሽ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቶሎ ቆርጦ ወደ ማሞቂያው ሊወስደው ይቸኩላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ችኮላ ነው። የሚቆረጠው ሕፃኑ ሳይተነፍስ ከሆነ፣ ለመርዳት የተዘረጋው እጅ ራሱ ይጎዳዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሕፃኑ በማህፀን ሳለ ሳንባው ፈሳሽ የሞላው ስለሆነ ወደዚያ የሚሄደው ደም ጥቂት ነው። የልቡን ግራ ክፍል በአብዛኛው የሚሞላው ከእንግዴ ልጁ በእትብት የሚመጣው ደም ነው። ሳይተነፍስ እትብቱን ቆንጥጠን ስንዘጋው ያ ደም በአንዴ ይቋረጣል፤ ከሳንባ መምጣት ያለበት ደግሞ ገና አልጀመረም። ልብ የሚረጨው ያጣል፣ ምቱም ይወርዳል። በዚያ ላይ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄዱት ቧንቧዎች ሲዘጉ የደም ግፊቱ መጀመሪያ ዘሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። የዚህ ሕፃን የአንጎል ደም ሥሮች ደግሞ እንዲህ ያለውን መውጣትና መውረድ አይችሉትም። አስቀድሞ ከተነፈሰ ግን ሳንባው ይከፈታል፣ ደሙ በዚያ በኩል ወደ ልብ መመለስ ይጀምራል፣ የእትብቱ መዘጋትም ያን ያህል አያናጋውም።

የደሙ መጠንም ቀላል አይደለም። ያለ ጊዜው በሚወለድ ሕፃን፣ በእሱና በእንግዴ ልጁ መካከል ከሚዘዋወረው ደም እስከ ግማሽ የሚጠጋው ያለው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። 1 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በጠቅላላው ያለው ደም 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በመጠበቅ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያገኝ እንኳ የደሙን አንድ ስምንተኛ አገኘ ማለት ነው። በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ትንተና፣ ወዲያው ከመቁረጥ ይልቅ መዘግየት ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚሞቱትን ሕፃናት ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከ100 ሕፃናት ከ8 ገደማ ወደ 6 ገደማ። ዛሬ ያለው ዓለም አቀፍ ምክር ከ37 የእርግዝና ሳምንት በፊት ተወልዶ ወዲያው ነፍስ ማዳን ለማያስፈልገው ሕፃን ቢያንስ 60 ሰከንድ መጠበቅ ነው።

60 ሰከንድ መጠበቅ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቆም አይደለም፤ የሚከሽፈውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ባለመዘጋጀት ነው። ክፍሉ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይሙቅ። ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ኮፍያ፣ የሞቀ ፎጣ፣ የተሞከረ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) እና ለትንሽ ፊት የሚሆን ማስክ እናትየው አጠገብ ይቅረቡ። ሰዓት የሚይዘው ሰውም ቀድሞ ይታወቅ፤ ሁሉም በየልቡ ሲቆጥር 25 ሰከንዷ አንድ ደቂቃ ትመስላለች። ቆጠራው የሚጀምረው የሕፃኑ ሰውነት በሙሉ ሲወጣ ነው። ሰዓት ያዡ «ሠላሳ»፣ «ስልሳ» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጥራ።

ሕፃኑ እንደወጣ፣ ከ32 ሳምንት በታች ከሆነ ገላው ሳይደርቅ እስከ አንገቱ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ ጭንቅላቱ ብቻ ይደርቅና ኮፍያ ይደረግለታል። በምጥ ከተወለደ እናቱ ሆድ ላይ፣ ወይም እትብቱ አጭር ከሆነ እግሮቿ መሃል፤ በቀዶ ጥገና ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ በተሸፈነው ጭኗ ላይ ይቀመጣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እትብት አጭርና ቀጭን ነው፤ ሕፃኑን ከፍ ለማድረግ ብለን ከሳብነው ሊበጠስ ይችላል። ጀርባውን በከረጢቱ ላይ በቀስታ ማሸት፣ አፍንጫና አፉ እንዳይዘጋ አንገቱን ማስተካከል፣ ደረቱን ማየት፣ ይኸው ነው። እናትየው የደም መፍሰስ መከላከያ የሆነውን 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ለመወጋት እትብቱ እስኪቆረጥ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

የልብ ምቱን እትብቱን በጣት ይዞ መቁጠር የተለመደ ነው፤ ቀላልም ነው። ነገር ግን ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል፣ አንዳንዴም ምቱ ጭራሽ አይገኝም። እኔ በዚያ ብቻ ተመርኩዞ የሚደረግ ውሳኔ አይዋጥልኝም፤ ስቴቶስኮፕ ደረቱ ላይ ይደረግ።

ታሽቶም ካልተነፈሰስ? በጎኑ ለመርዳት የተዘጋጀ ቡድንና ዕቃ ከሌለ ቆርጦ ወደ ማሞቂያው መውሰድና ወዲያው አየር መስጠት ነው፤ ደቂቃዋ ትሙላ ብሎ ትንፋሽ የሌለውን ሕፃን ማየት ስህተት ነው። እንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቆ ደም እየፈሰሰ ከሆነ፣ እትብቱ ከተበጠሰ፣ ወይም እናትየው ክፉኛ እየደማች ከሆነም አይጠበቅም። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮች ደግሞ ደሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሄድ ስለሚችል ውሳኔው ከመወለዳቸው በፊት መደረግ አለበት።

አሁን ወደ አቋራጩ እንምጣ፤ እትብቱን በጣት እየጨመቁ ደሙን ወደ ሕፃኑ መግፋት። 20 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ይዞ፣ በ2 ሰከንድ ወደ ሕፃኑ ገፍቶ፣ ሦስት አራቴ መድገም ነው። ፈጣን ነው፣ ለዚህም ያጓጓል። ከ28 ሳምንት በላይ ለሆነ፣ መጠበቅ ላልተቻለበት ሕፃን እንደ አማራጭ ሊታሰብ ይችላል። ከ28 ሳምንት በታች ግን ፈጽሞ አይደረግ። በ2019 የወጣ ጥናት በ23 እና በ27 ሳምንት መካከል በተወለዱት ላይ ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ በተጨመቀላቸው 22 ከመቶ፣ በተጠበቀላቸው ደግሞ 6 ከመቶ ሆኖ ስለተገኘ በዚህ የዕድሜ ክልል ጥናቱ እንዲቆም ተደርጓል። ደሙን የሚገፋው የእኛ እጅ ሲሆን ግፊቱ ሕፃኑ ከሚችለው በላይ ይሆናል።

ተጨማሪ ደም ካገኘ «ቢጫ ይሆናል» የሚለውን ስጋትም አውቀዋለሁ። የቢጫነቱ መጠን ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህ ሕፃን ግን በማንኛውም ሁኔታ ለቢጫነት መከታተል ያለበት ነው፣ ሕክምናውም ብርሃን ነው። በአንጻሩ የሌላ ሰው ደም መውሰድ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ቁጥር ይቀንሳል።

ሲቆረጥ ከሆዱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መተው ይሻላል፤ ቆዳው ሥር ከታሰረ በኋላ በእትብቱ ደም ሥር ቱቦ ለማስገባት ቦታ ይጠፋል። ካርዱ ላይ ደግሞ «ዘግይቶ ተቆርጧል» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። ስንት ሰከንድ፣ ትንፋሹ የጀመረው ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ከ60 ካነሰም ለምን እንዳነሰ፣ ሦስቱም ይጻፉ።