ከሐውልቱ ጋር የሚያወራው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስለ ፒውዲፓይ ላወራችሁ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ጌም ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ በመሥራት ስለታወቀው ስዊድናዊ ፊሊክስ ሼልበሪ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ሰሞኑን ማታ ማታ የድሮ ቪዲዮዎቹን እያየሁ ነው። አምኔዥያ የሚባለውን አስፈሪ ጌም ይጫወታል። ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ኮቴ ይሰማል። እሱ በስክሪኑ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማዳመጫውን አጥልቆ ዓይኑ ፈጧል። ሰይፍ የያዘ ትንሽዬ ወርቃማ ሐውልት ያገኛል። ያነሳውና ስቴፋኖ ብሎ ስም ያወጣለታል፤ በፈረንሳይኛ ቅላጼ ያናግረዋል። ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል።

እዚህ ጋ ልቤ ተነካ። ሰው ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የሚያዋራው ይፈልጋል እኮ! እኔም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እሱን የምከፍተው ለዚሁ ነበር። ጌሙን አንድ ቀን እንኳ ተጫውቼው አላውቅም።

ቻናሉን የከፈተው በ2010 ነው። ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ትምህርት ትቶ፣ ሆት ዶግ እየሸጠ ነበር ቪዲዮ የሚሠራው። 2013 ላይ ዩቲዩብ ላይ ከሁሉም በላይ ብዙ ሰብስክራይበር ያለው ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ቁጥር ሆነ። 2014 ላይ ኮሜንት ዘጋ። ከሥር የሚጻፈው አብዛኛው የራስን ቻናል ማስተዋወቅ ስለነበር፣ ከልቡ የሚያናግረውን ሰው ማግኘት አቅቶት ነው። 2017 ላይ በአይሁዶች ላይ በቀለደው ቀልድ የተነሳ አብሮት ይሠራ የነበረው የዲዝኒ ኩባንያ ሜከር ስቱዲዮስ ውሉን አቋረጠበት። ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሚሊዮኖች እየሰሙህ ከጓደኛህ ጋር ጓዳ ውስጥ እንዳለህ አታወራም።

ከሁሉ የከበደኝ 2019 ነው። ከህንዱ የሙዚቃ ኩባንያ ከቲ-ሲሪስ ቻናል ጋር በሰብስክራይበር ብዛት አንደኝነቱን ይፎካከር ነበር፤ «ለፒውዲፓይ ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው ቃል የማይገባበት አልነበረም። በመጋቢት ወር ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው የገደለው ሰው፣ መተኮስ ከመጀመሩ በፊት ያንኑ ቃል ተናገረ። አስቡት፤ ስምህ ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ ሲወጣ! ከሳምንታት በኋላ ፊሊክስ ዘመቻው ይብቃ ብሎ በቪዲዮ ለመነ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 100 ሚሊዮን ሰብስክራይበር አለፈ፤ በግለሰብ ደረጃ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ወር ፍቅረኛውን ማርዚያን አገባ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ደስ እንዳሰኘው ብትጠይቁኝ፣ ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። 2020 ሲገባ እረፍት ወሰደ፣ 2022 ላይ ከባለቤቱ ጋር ጃፓን ገባ፣ 2023 ላይ ወንድ ልጅ ወለዱ። አሁን ቪዲዮ የሚያወጣው ሲፈልግ ነው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለሚማረው ነገር።

ትናንት ማታ ስዕል ሲለማመድ የሚያሳየውን ከፈትኩ። ጩኸቱ የለም፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል። የሳለውን እያየ፣ ልክ እንደ ስቴፋኖ ጊዜ፣ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ስልኬን ትራሱ ላይ አስደግፌ እስከ መጨረሻው አየሁት።