መቆምን መማር፦ ከወታደር ቤት ወደ ተሳቢ መኪና

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ይህን ድምፅ የምቀዳው ጭነቱ እስኪራገፍልኝ ድረስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ እየጠበቅኩ ስለሆነ፣ በመሀል የሌሎች መኪኖች ድምፅ ቢገባባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለ18 ዓመታት ወታደር ነበርኩ። ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 14ቱን ወራት ያሳለፍኩት ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና በመንዳት ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ወታደር የነበረ ሰው ምን ይቸግረዋል?» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አስብ ነበር። ለቅጥር በቀረብኩበት ቀን ስለ ሰዓት አክባሪነቴ፣ መሣሪያን በእንክብካቤ ስለመያዜ፣ እንዲሁም እንቅልፍን ስለመቋቋሜ በኩራት ተናግሬያለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ በእርግጥ ጠቅመውኛል። ሦስተኛው ግን ሊገድለኝ ነበር፤ ዛሬ የማወራችሁም በተለይ ስለ እሱ ነው።

ማሠልጠኛ የገባሁት በሙሉ ልብ ነበር። በሠራዊቱ ውስጥ ስንቅና ሰው በሚያመላልስ ከባድ መኪና ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ማርሹም ጭቃውም አዲሴ አልነበረም። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ በውትድርና ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከባድ ተሽከርካሪ የነዳ ሰው ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ የተግባር ፈተናው ሊቀርለት ይችላል። ለእኔ አልቀረልኝም፤ ባለመቅረቱም ደስ ይለኛል። ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳት ሰውን ትሑት ያደርጋል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት የተሳቢው ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል፤ አቅጣጫውን አስተካክላለሁ ብላችሁ ትንሽ ከዘገያችሁ ደግሞ ተሳቢው ታጥፎ ከጋቢናችሁ ጋር ሊላተም ይመጣል። አሠልጣኜ ቢያንስ በ15 ዓመት የማንሰው ሳይሆን የምበልጠው ልጅ ነበር። «ጋሼ» አለኝ በሦስተኛው ቀን፣ «ሲጠፋብዎት አይታገሉት። ያቁሙና ወርደው ይዩ።»

ወርደው ይዩ ማለቱ ምን ያህል እንደከበደኝ ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። እኔ ያደግኩት በኮንቮይ ነው። በኮንቮይ ውስጥ የፊተኛውን መኪና ርቀት ጠብቃችሁ ትከተላላችሁ፤ የምትቆሙት አዛዡ ሲያቆማችሁ ነው፤ በራሱ ውሳኔ የሚቆም ሾፌር ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስቆማል፣ ለአደጋም ያጋልጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ፣ ማንም በማያሳድደኝ ቦታ፣ መኪና አቁሜ ወርጄ የኋላ ጎማዬን ማየት እንደ ሽንፈት ሆኖ ተሰማኝ። ሦስት የፕላስቲክ ምልክቶች ጨፍልቄ ነው የወረድኩት።

ከትምህርቱ ሁሉ በጣም የገረመኝ የፍሬኑ አሠራር ነው። በእግር የሚረገጠው ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው፤ የማቆሚያ ፍሬኑ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ጎማውን አንቆ የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ሲሆን የአየሩ ሥራ ሞላውን ጨቁኖ ፍሬኑን ማላቀቅ ነው። አየሩ ከጠፋ ሞላው ይለቀቅና መኪናው ይቆማል። ሐሳቡ የመጣው ከባቡር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 የሠራው የመጀመሪያው የአየር ፍሬን የአየር ቧንቧው ከተበጠሰ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ በ1872 ግን ነገሩን ገልብጦ ግፊቱ ሲወርድ ባቡሩ በራሱ እንዲቆም አደረገው። እኔ በሰለጠንኩበት ሙያ ትእዛዝ ሲቋረጥ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መቀጠል ነው ደንቡ። እዚህ ደግሞ መስመሩ ሲቋረጥ መቆም ሆነ። ያን ቀን ይህን እንደ ቴክኒክ ብቻ ነበር ያጠናሁት፤ ፈተናውንም አልፌበታለሁ።

በአምስተኛው ወር ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሙሉ ጭነት ይዤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳሁ ነበር። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ነው፤ የመንዳት ሰዓቴ አላለቀም፣ ዕረፍቴም ተመዝግቧል። ችግሩ በዚያ ተመዘገበ በተባለው ዕረፍት ውስጥ ብዙም እንቅልፍ አለመተኛቴ ነው። ከውትድርና ይዤው ከወጣሁት ነገር አንዱ የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው፤ ይህንንም ከሐኪምም ከቀጣሪም ደብቄ ነበር፣ መንጃ ፈቃዴን ይወስዱብኛል ብዬ ስለፈራሁ። እናም በዘብነት ዘመኔ የማውቃቸውን ዘዴዎች ሁሉ ተጠቀምኩ፤ መስኮት ከፈትኩ፣ ከንፈሬን ነከስኩ፣ ከመቶ ወደ ታች ቆጠርኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የቀኙ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ከሥር ሲንኳኳ ነው። መሪውን ቀስ አድርጌ መለስኩት። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ አንድ ድልድይ አለ፤ እሱን መሻገሬን እስከ ዛሬ አላስታውስም።

በዚያ ፍጥነት መኪናው በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አራት ሰከንድ ብቻ ብጠፋ እንኳ ወደ 90 ሜትር ማለት ነው፤ ዐይን ተከፍቶ አእምሮ የሚተኛበት እንዲህ ያለ ሁኔታ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ቅልጥፍና ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ጠጥቶ የመጣ ጓዴን መሪ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ራሴን ግን በኩራት አስቀምጬ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዘብ ልናገር። ዘብ ላይ ያንቀላፋ ወታደር የራሱን ብቻ ሳይሆን የተኙትን ሁሉ ሕይወት ነው አሳልፎ የሚሰጠው፤ ስለዚህ ለእኛ ድካም የሚሸነፍ ጠላት እንጂ የሚደመጥ መልእክት አልነበረም። ዘብ ግን ተቀያሪ አለው፤ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ከቻላችሁ ሌላ ሰው መጥቶ ይተካችኋል። ጋቢና ውስጥ የሚተካኝ የለም። ይህን ልዩነት ለመረዳት አምስት ወር መፍጀቱ ያሳፍረኛል።

ሕጎቹ አሉ፣ ይጠቅማሉም። በአውሮፓ ኅብረት ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ በአሜሪካ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ከ10 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት በኋላ መንዳት የሚችለው እስከ 11 ሰዓት ነው። እነዚህ ጣሪያዎች ናቸው። ከጣሪያው በታች ያለሁት እኔ በዚያች ሰዓት ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ የመንዳት ሰዓቴን የሚመዘግበው መሣሪያ አያውቅም።

ከድልድዩ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ሕክምናው ቀላል ነበር፣ ፈቃዴንም ማንም አልወሰደብኝም። የከበደኝ ሌላው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ሌሊት ዐይኔ እንደዚያን ጊዜ መክበድ ሲጀምር ከመንገዱ ወጥቼ ማረፊያ ቦታ ላይ ቆምኩና ስምሪት ክፍል ደወልኩ።

«ስንት ሰዓት መንገድ ቀርቶሃል?» አለኝ ኃላፊው።

«ሁለት።»

«የመንዳት ሰዓትህስ አልቋል?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«ደክሞኛል።»

ይህን ቃል ለአለቃ በ18 ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ለደንበኛው ራሱ እንደሚነግረው ገልጾ፣ ደስ ባላለው ድምፅ ስልኩን ዘጋ። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም የማይወደውን መስመር መደበኝ፤ ቅጣት ይሁን አጋጣሚ አልጠየቅኩም፣ አሁንም አልጠይቅም።

የማቆሚያ ፍሬኑን ስስብ አየሩ ጭሽ ብሎ ሲወጣ እንደ ወትሮው አንገቴን ሰበር አደረግኩ። ይህ ልማድ እስካሁን አልለቀቀኝም። ከዚያ መጋረጃውን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት የሚገባኝን ዕረፍት ጨርሼ፣ ጎማዎቹንና የተሳቢውን ማያያዣ ዞሬ አየሁና ሞተር አስነሣሁ። ሌሊቱን አየሩ ትንሽ ወርዶ ነበር። የመለኪያው ቀስት ከፍ እስኪል እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ፤ እሱ ካልሞላ መኪናው አይንቀሳቀስም።